ትናንት ምን በሉ?

የዕለት ሥራዬ ሰው ቤት እየዞርኩ «ትናንት ምን በሉ?» ብዬ መጠየቅ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን ጉደር ከተማ ዳር ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቤት ገባሁ። ወረቀቴን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ካሌሳ ማል ኛተን?» አልኳቸው በኦሮምኛ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡና በሩን ገልመጥ አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ የጠፋ ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እኛ ዘንድ «ምን በላህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ወይ ሆዱን የታመመ ነው፣ ወይ የተጠረጠረ። ለጤነኛ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ «በላህ ወይ?» ነው፤ የእሱንም ቢሆን መልስ የሚጠብቅ የለም፤ አዎ ተባለም አይ ተባለ መሶቡ ይቀርባል። የእኔ መጠይቅ ግን ስድስት ገጽ ነው። ከእንቅልፍ ከተነሡበት ሰዓት ጀምሮ እስከ መኝታ ድረስ ወደ አፍ የገባውን ሁሉ ይፈልጋል፤ ስንት እንጀራ፣ ስንት ጭልፋ ወጥ፣ ስንት ሲኒ ቡና፣ ቡናው በስኳር ነው በጨው፣ ወጡ ውስጥ የገባው ዘይት ስንት ማንኪያ ነው። አንድን አባወራ በሚስቱና በልጆቹ ፊት እንዲህ ብሎ መመርመር ምን ያህል ነውር እንደሆነ መጠይቁን ያዘጋጁት ሰዎች አላሰቡበትም። ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ተመራማሪ ነኝ፣ ጀማሪ። ጀማሪ ተመራማሪ ማለት ጠረጴዛ የሚጋራ፣ መሳቢያው ቁልፍ የሌለው፣ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኖ የሚመረጥ፣ «አንተ ወጣት ነህ» እየተባለ ከሰዓት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ሁሉ የሚሰጠው ሰው ነው። የምሠራበትን ቤት ስም አልጠራም፤ ነገም እዚያው ነው የምገባው። ለነገሩ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው በዚህ መንገድ ላይ ተመራማሪ ብርቅ አይደለም። አምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተላት በ1939 ዓ.ም. ነው፤ የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ያደገው ከእሱ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሆለታ ላይ፣ ወደ ነቀምት ሲሄዱ ባኮ ላይ የእርሻ ምርምር ማዕከሎች አሉ። ስለዚህ የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ቦርሳና ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ አይደነግጥም። «የድንች ነህ የበቆሎ?» ብሎ ይጠይቃል። ግራ የሚጋባው «የሰው» ያልኩት ጊዜ ነው።

እናቴ ጊንጪ ናት። ለእሷም አንድ ሁለቴ ላስረዳት ሞክሬአለሁ።

«እና ዶክተር ስትሆን መርፌ ትወጋለህ?»

«አልወጋም እማዬ። ደም ብቻ ነው የምቀዳው።»

«ሳታክም ደም ትወስዳለህ?» አለችና ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ስለ እኔ ሥራ ሲጠይቃት «አስተማሪ ነው» እያለች ታልፈዋለች።

ሜታቦሊዝም የሚለውን ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ለመተካት ብዙ ለፍቼ ትቼዋለሁ። ሲብራራ ግን ጓዳ ነው። የበላነው እህል የሚፈጭበት፣ የሚጋገርበት፣ የተረፈው ለክፉ ቀን የሚቀመጥበት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚወጣበት፣ ጭሱና አመዱ የሚጠረግበት ሥራ በሙሉ ነው። ጎተራውም ሁለት ነው። አንደኛው ጉበት ውስጥ ያለች ሙዳይ ናት፤ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት መቶ ግራም ገደማ ትይዛለች፣ አንድ ቀን ያህል ካልበሉ ትራቆታለች። ሁለተኛው ስብ ነው፤ እሱ ሲሞላ ወራት ያሻግራል።

ይህን ከጊንጪ አለፍ ብሎ ባለ መንደር ለአንድ ኦቦ ሳስረዳ፣ ስለ ስብ ስደርስ ፊታቸው በራ። «አሃ! ሞራ ታነባለህ በለኛ!» አሉኝ። የአገሩ ሽማግሌ ከብት ሲታረድ ሞራውን ብርሃን ላይ ዘርግቶ የዘመኑን ዝናብ፣ የቤቱን ሰላም፣ የሚመጣውን ክፉና ደግ ያነባል። «አይ፣ የእኔ ሳይንስ ነው» ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ መልሼ ዘጋሁት። ሞራ ማለት ሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስብ ነው። የእኔ ሳይንስም ከቆዳ ሥር ካለው ስብ ይልቅ የሚፈራው ይህንኑ ነው፤ የሆድ ውስጥ ስቡ የበዛ ሰው ወደ ስኳር በሽታ፣ ወደ ደም ግፊትና ወደ ልብ ሕመም ያዘነብላል። እሳቸው በሬውን ካረዱ በኋላ ሞራውን ዓይናቸው እያየ ያነባሉ፤ እኔ በልብስ ሰፊ ሜትር የሰው ወገብ ለክቼ ከውጭ እገምታለሁ። ማንኛችን የተሻለ እንደምናውቅ ብጠየቅ ለመናገር ይከብደኛል።

ቆሽት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አማርኛ ተናጋሪ ቆሽትን የሚያውቀው ሲያር ብቻ ነው። ቀሪውን ዘመን የት እንዳለ፣ ምን እንደሚሠራ ጠይቆ አያውቅም። በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደየቤቱ የሚያስገባው ኢንሱሊን የሚመነጨው ከቆሽት መሆኑን ለአንዲት ወይዘሮ ስነግራቸው ራሳቸውን ይዘው፣ «እንግዲያማ የእኔ ካረረ ቆይቷል፤ የባለቤቴ ዘመዶች ጨርሰውታል» አሉ። ንዴት ቆሽት እንደማያሳርር ላስረዳ ፈለግሁ። ነገር ግን ንዴትና ጭንቀት የሚያስነሷቸው ሆርሞኖች የደም ስኳርን ሽቅብ እንደሚነዱ አውቃለሁና ዝም ብዬ ጻፍኩ። ለባል ዘመዶች የሚሆን ሣጥን መጠይቁ ላይ የለም።

ወደ ጾሙ ልምጣ። የደም ስኳር በትክክል እንዲለካ ሰውየው ቢያንስ 8 ሰዓት ያህል ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምስ ማደር አለበት። እንዲህ አድሮ ሲለካ በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደኅና ነው፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ሲደገምም ያው ከሆነ ስኳር በሽታ ነው። በየጤና ጣቢያው ይህ ምርመራ «የጾም ስኳር» ይባላል። እኔም በየዋህነት «ነገ ጠዋት ጾመው ይጠብቁኝ» እያልኩ ቀጠሮ ያዝኩ።

ዐቢይ ጾምና ረመዳን የተገጣጠሙበት ሰሞን ነበር። አምቦ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው ቤት አንዲት ባለ ሱቅ ወይዘሮ «ጾሜን ነኝ» ብለው ጣታቸውን ዘረጉ። መለኪያው 168 አለ። ልቤ ዘለለ፤ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ሳለ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሳህን አየሁት። ሱፍ ፍትፍት። «ምነው፣ ቅቤ የለበት፣ ወተት የለበት!» አሉኝ። ሁለተኛው ቤት ጴንጤ ናቸው። ኦቦ በጨዋ ደንብ አስቀመጡኝና፣ «እኛ በአዋጅ አንጾምም። የጸሎት ርዕስ ካለህ ግን ንገረን፣ በቤተሰብ እንያዝልህ» አሉ። ጣታቸውን ሳይሰጡኝ ለምርምሬ ጸለዩልኝ። ሦስተኛው ቤት ሙስሊም ናቸው፤ ደስ አለኝ፤ የእነሱ ጾም ውሃም አያስገባ። ገብቼ ለካሁ። ለካስ ሰውየው ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሱሁራቸውን በቴምርና በሻይ በደንብ አድርገዋል፤ ከበሉ ሁለት ሰዓት አልሞላቸውም። ሁሉም ያሉት እውነት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ጾም የሚለውን ቃል ከባለቤቶቹ ሳላስፈቅድ ነው የወሰድኩት።

ከዚያ ቃሉን ሰረዝኩና «እህል ሳይቀምሱ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ የደረስኩበት ቤት ጠዋት በ1 ሰዓት ረከቦት ተዘርግቶ ሦስተኛው እየተቀዳ ነው። «አዴ፣ እህል አይቅመሱ ብዬ አልነበር?» ስላቸው በጣም ተገረሙ። «ቡና እህል ነው እንዴ?» የእውነት አይደለም። የእሳቸው ቡና ግን ተራ ቡና አልነበረም፤ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ቀላ ነበረበት። ዘጠኝ መቶ ገጽ የባዮኬሚስትሪ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፣ ለዚህ የሚሆን መልስ የለበትም። እንደገና ሰረዝኩ። «ከውሃ በቀር ምንም» አልኩ። አንዱ ጎረምሳ ወዲያው ጠየቀ፤ «የትኛው ውሃ? አምቦ ነው ሃይላንድ?»

በአሁኑ ሰዓት ማስጠንቀቂያዬ እንዲህ ይላል፤ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ከውሃ በቀር እህልም፣ ቡናም፣ ሻይም፣ ጠላም፣ ቆሎም፣ ወተትም፣ ማርም፣ አረቄም ለመድኃኒትነት ቢሆንም እንኳ አይወሰድም።» ጠበል ይገባል አይገባም የሚለውን ገና አልወሰንኩም።

እሺ፣ ደሙስ ተቀዳ እንበል። ወደ ምግቡ ስንመለስ ችግሩ መሶቡ ነው። «ስንት እንጀራ በሉ?» እላለሁ። «አምስት ሆነን ነው የበላነው» ይሉኛል። ለአምስት አካፍላለሁ። ነገር ግን አባት መጀመሪያ ተነሥቷል፣ ትልቁ ልጅ በሁለት እጁ ነው የሚሠራው፣ ትንሿ ጨዋታ ይዛ ጠርዝ ጠርዙን ነው የለቀመችው፣ እናት ደግሞ «እኔ ጓዳ ቀምሻለሁ» ብላ ከናካቴው አልቀረበችም። ጓዳ ስንት ቀመሰች? ይህን ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው ካለ ስሙን ይንገረኝ።

ከሁሉ የባሰው ጉርሻ ነው። ባል ሚስቱን ያጎረሳት ጉርሻ በማን ሒሳብ ይመዘገባል? እንግዳ ሲመጣስ? በፈረንጅ አገር የተዘጋጀው መመሪያ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን እንዳለው አድርጎ ነው የሚጀምረው። ነገሩን ልኩን ላግኝለት ብዬ አንድ ቀን የወጥ ቤት ሚዛን ይዤ የሥራ ባልደረቦቼን ምሳ ቤት ወሰድኳቸውና «ሚዛኑን አጉርሱት» አልኳቸው። አጎረሱት። ትንንሽ፣ ሥጋው የተመረጠለት፣ ስስት ያለበት ጉርሻ ነበር። ወዲያው አንዱ ዞር ብሎ ጓደኛውን ሲያጎርሰው አየሁና «ቆይ፣ ከአፍህ አውጣው፣ ልመዝነው» ብዬ ጮህኩ። ምሳ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ለሰውና ለሚዛን የሚሰጥ ጉርሻ አንድ እንዳልሆነ አረጋግጬአለሁ፤ በስንት ግራም እንደሚበላለጥ ግን ጓደኛዬ ስለዋጠው አልታወቀም።

ሰው ቤት ሚዛን ይዞ መግባትማ አይነሣ። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ገንፎ ልመዝን ስጠጋ ነጠላቸውን ገንፎው ላይ ጣል አደረጉበት። ክፉ ነገር አልተናገሩኝም። «ተቀመጥ ልጄ» ብቻ ነው ያሉኝ፣ ከገንፎው ራቅ ያለ ዱካ እያሳዩኝ። የልጅ ምግብ አተኩሮ የሚያይ፣ አይቶም የሚጽፍ ሰው እንዴት ይታመናል?

በዚህ ሙያ አባታችን የምንለው ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ነው። ፓዶቫ ከተማ ውስጥ ከሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር አሠርቶ፣ እዚያው ላይ እየተቀመጠ እየበላ፣ የገባውንና የወጣውን ሠላሳ ዓመት ያህል መዘነ። መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1614 ነው። ስምንት የበላ ሰው በሽንትና በሰገራ ሦስቱን ብቻ እንደሚያስወግድ፣ ቀሪው አምስት እጅ በማይታይ ትነት ከሰውነት እንደሚወጣ አገኘ። ትልቅ ሰው ነው፣ አከብረዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ሲበላ ግን አንድ ጎረቤት «ና ውረድና አብረን እንቅመስ» ያለው አይመስለኝም። አምቦ ቢሆን ኖሮ ጥናቱ በሦስተኛው ቀን በማኅበር ጠላ ይበላሽ ነበር።

ከሁሉም ከተማ ባኮን እወዳለሁ። ወደ ወንጪ ከፍታ ሲወጡ ገብስ፣ ድንችና ቆጮ ነው፤ ሰዉ ብርዱን በምግብ ነው የሚገፋው፣ የበላውንም ያውቃል። ባኮ ቆላማ ናት፤ በቆሎና ማንጎ። በማንጎ ወቅት «ትናንት ስንት ማንጎ በላህ?» ያልኩት ልጅ ቆሞ ካሰበ በኋላ፣ «ከዛፉ እስክወርድ ነው የበላሁት» አለኝ። ኮምፒውተሬ ቁጥር እንጂ ዛፍ አይቀበልም። እስካሁን ባዶ ነው ያ ቦታ።

አሁን ደግሞ ስለ ፍሪጁ ልናገር፤ ስለ እሱ ካላወራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የተቀዳው ደም ሴንትሪፊውጅ ላይ ተሽከርክሮ ሴረሙ ይለያል፣ ሴረሙ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ይቀመጣል። የስድስት ወር ድካሜ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የጥበቃ ሠራተኛው ስልኬን ያውቃል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይደውልና ሰላምታ ሳያስቀድም «ሄዷል» ይለኛል። መብራቱን ነው። ጀኔሬተር አለን፤ ናፍጣ የለውም። ናፍጣው የሚወጣው በፊርማ ነው፤ ፈራሚው ስብሰባ ሄደዋል፤ የሄዱበት ስብሰባ ደግሞ ስለ ምርምር ጥራት ነው።

ፈረንሳዊው ላቩዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጀመሪያ ጊኒ ፒግ የምትባል አይጥ መሰል እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ፣ ከሰውነቷ የሚወጣው ሙቀት ስንት በረዶ እንደሚያቀልጥ ለካ። መተንፈስ ማለት ቀስ ያለ ቃጠሎ ነው ያለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። የእኛ በረዶ ጊኒ ፒግ ሳያስፈልገው ይቀልጣል።

አንድ ሌሊት በጣም ሲጨንቀኝ የማውቀው ሥጋ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ጀኔሬተር አለው፤ በፍሪጁ ይኮራል። ደንቡ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፤ ጭንቅ ደንብ ያስረሳል። «እስከ ነገ ብቻ አንዲት ሣጥን አስቀምጥልኝ» አልኩት።

«ምን አለባት?»

«ደም ነው።»

«የበግ ነው የበሬ?»

«የሰው።»

እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ወደ በሩ እየሸኘኝ፣ «ወንድሜ፣ እኔኮ የከፈትኩት ሥጋ ቤት ነው» አለኝ። መብራቱ ንጋት ላይ መጣ። ሴረሙ ተርፏል። እኔ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት የደም ግፊቴን መለካት ፈራሁ።

አንዳንዱ ምርመራ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በየወሩ አንድ ቀን ሣጥኔን በበረዶ ሞልቼ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ ጊንጪ፣ አዲስ ዓለም፣ ሆለታ እያለ። ረዳቱ ሣጥኑን ያያል፣ እኔን ያያል፣ «ሣጥኑ ወንበር ይዟል፣ ይከፍላል» ይላል። እከፍላለሁ። ለሣጥን የተከፈለ ትራንስፖርት ደረሰኝ የለውም፣ ደረሰኝ የሌለው አይወራረድም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ፍተሻ ገጠመንና ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ ጭስ የመሰለውን ቅዝቃዜ ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ምንድን ነው?»

«ሴረም ነው።»

«የምን ሴራ?»

ቅቤ በእንስራ የያዙ አንዲት እናት ባይደርሱልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። «ተወው ልጁን፤ እኔንም ቀድቶኛል፤ ሳይሰጥ የሚወስድ ነው እንጂ ክፋት የለውም» አሉለት። እኚህ ሴት ስለ መሠረታዊ ምርምር ከብዙ ገምጋሚዎች የተሻለ ገብቷቸዋል።

ገምጋሚ ስል፤ የመጀመሪያ ጽሑፌን የላክሁለት መጽሔት በ11 ቀን ውስጥ መለሰልኝ። የዚያን ዕለት ራሴን ያጽናናሁት በሃንስ ክሬብስ ነው። በዓለም ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ የሚሸመድደውን ዑደት እ.ኤ.አ. በ1937 ጽፎ የላከለት ታላቁ «ኔቸር» መጽሔት አልተቀበለውም፤ አንድ አነስተኛ የሆላንድ መጽሔት አወጣለት። በ1953 ኖቤል ተሸለመ። ይህን ለአለቃዬ ነገርኳቸው። «መልካም፤ አንተ ግን መጀመሪያ ሰንጠረዥ ሁለትን አስተካክል» አሉኝ።

ጥናቱ የት ይደርሳል ለሚለው ግን መልስ አለኝ። የሒሳብ ሠራተኛው የነዳጄን ወረቀት እያገላበጠ፣ «ይህን ነገር ፈረንጅ አጥንቶ አልጨረሰውም?» አለኝ። የኮዴይንን ታሪክ ነገርኩት። ጉበታችን ውስጥ መድኃኒት የሚፈጭ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ስሙን ትቻለሁ፣ ወፍጮ እንበለው። እሌኒ አክሊሉ የተባሉት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው የዚህን ወፍጮ ጂን ደርበው፣ አንዳንዱም ደራርበው እንደያዙ አሳዩ። በሰሜን አውሮፓ እንዲህ ያለው ሰው ከመቶ ጥቂት ነው። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በዚሁ ወፍጮ ሲፈጭ ሞርፊን ይሆናል። ወፍጮው ድርብ የሆነበት ሰው ታዲያ በሐኪም ልክ የታዘዘለትን ውጦ ከልክ ያለፈ ሞርፊን ያገኛል። የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን አገደ። «ፈረንጅ ያጠናው የፈረንጅን ጉበት ነው» ብዬ ጨረስኩ። ሰውየው ከልቡ ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አዘነልኝም መሰለኝ። «ግሩም ነው» አለ። «ሁለት ደረሰኝ ግን ይጎድልሃል።»

አምቦ ውስጥ ሆኖ ስለ ስብ የሚያጠና ሰው ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም፤ አምቦ ውሃ ስብ ያቃጥላል ወይ? ውሃው ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ እየታሸገ አገር ያጠጣል፤ ከተማዋም ድሮ ሀገረ ሕይወት ተብላ ተጠርታለች፤ ሕዝቡ ቢያምነው አይገርምም። አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ በልቶ በላዩ አንድ አምቦ የጠጣ ሰው ንስሐ የገባ ያህል ቀለል ብሎት ይነሣል። ማስገሳቱን ያስገሳል። ስብ ግን አያቃጥልም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ተማሪዎቼን «አንድ ሰው 10 ኪሎ ስብ ቢቀንስ ስቡ የት ሄደ?» አልኳቸው። ላብ ሆነ አሉ፣ ሽንት ሆነ አሉ፣ አንዱ «ጉልበት ሆኖ ጠፋ» አለ። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ሐኪሞችንና የስፖርት አሠልጣኞችን ጠይቀው እንዲሁ ነበር የተመለሰላቸው። ስሌቱ ሌላ ነው፤ ከ10 ኪሎው 8.4 ኪሎ የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፣ 1.6 ኪሎው ውሃ ይሆናል። የከሳ ሰው ስቡን የተነፈሰው ነው። ያ ጋዝ ደግሞ ከአምቦ ምድር ሥር እየፈላ ወጥቶ ጠርሙስ ውስጥ የሚጮኸው ጋዝ ራሱ ነው። ይህን ለአከራዬ ስነግራቸው፣ «እንግዲያስ ቁጭ ብለን እንተንፍሰዋ!» አሉና ዱካቸውን ሳቡ። ቁጭ ብሎ የሚተነፈሰው እንደማይበቃ፣ ዳገት እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው። ዳገቱን እኔ እንድወጣላቸውና በዚያው ዘይት ገዝቼ እንድመለስ ላኩኝ።

በየቤቱ ደም ቀድቼ ስነሣ የሚሆነውን እስካሁን አልነገርኳችሁም። የሥነ ምግባር ደንቡ ከጥናቱ ተሳታፊ ምንም ነገር እንዳልቀበል ይከለክላል። ያንን ደንብ የጻፈ ሰው ጨጨብሳ በቅቤና በማር ይዘው በር ላይ የቆሙ አዴ አልገጠሙትም። «ኛዹ» ይሉኛል፤ ብላ። «በልቻለሁ» እላለሁ። «ደሜን ወስደህ እህሌን ትጠየፋለህ?» የሚል አይከተለውም፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚለው። በቀን አምስት ቤት አዳርሳለሁ። አምስት ቁርስ ነው። የሌሎቹን እንጂ የእኔን የሚጽፍ መጠይቅ የለም።

ጉደር ያሉት ሽማግሌ ከሦስት ወር በኋላ ለሁለተኛው ዙር ስመለስ አልደነገጡም። ቀድመው ሠሩኝ። «ትናንት ምን በላህ?» አሉኝ እየሳቁ። መቁጠር ጀመርኩ፤ መጀመሪያው ቤት ጨጨብሳ፣ ሁለተኛው ቤት ገንፎ፣ ሦስተኛው ቤት… ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና ወደ ሚዛኔ አመለከቱ። ወጣሁበት። ሥራውን ስጀምር 61 ኪሎ ነበርኩ፤ ሚዛኑ 67 አለ።

ስለዚህ በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በባኮ አንድ ማለዳ በራችሁን ካንኳኳሁ፣ እባካችሁ ረከቦቱ ከመዘርጋቱ በፊት ጣታችሁን ስጡኝ። ለእኔ የምታቀርቡልኝንም ቅቤውን ቀነስ አድርጉት።